ሶባ፦ ጡቦቿ ካርቱምን ያነጹ የመካከለኛው ዘመን አብያተ ክርስቲያናት

ከሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም መሐል 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በጥቁር ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ቀይ የሸክላ ጡብ ስብርባሪ የተበተነባቸው ዝቅተኛ የአፈር ጉብታዎች ይታያሉ። ቆሞ የሚታይ ግድግዳ የለም ማለት ይቻላል። ስፍራው ሶባ ይባላል፤ ለዘመናት የአሎዲያ፣ ዐረቦች አልዋ ብለው የሚጠሩት፣ ክርስቲያናዊ መንግሥት መዲና ነበር።

ካርቱምን የሚያውቅ ሰው ስለ ከተማዋ የቤተ ክርስቲያን ኪነ ሕንጻ ሲጠየቅ ቀድሞ የሚያስታውሰው በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን የእንግሊዞች ካቴድራል ሊሆን ይችላል። ስኮትላንዳዊው አርክቴክት ሮበርት ዌየር ሹልትዝ የነደፈው ይህ የቅዱሳን ሁሉ ካቴድራል በአውሮፓውያኑ 1904 የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ በ1912 ተባርኳል። ከብዙ ዓመታት በኋላ በመንግሥት እጅ ገብቶ የቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ሆነ። ይሁን እንጂ እንግሊዞች ካርቱም ከመድረሳቸው ከሺህ ዓመት በፊት በዚያው አካባቢ፣ የአገሬው ሰው በአገሬው ጡብ የሠራቸው ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። ዛሬ የሚታወቁት ከመሠረታቸው ብቻ ነው።

እነዚህ ሕንጻዎች እንዴት ይሠሩ ነበር? ከኢትዮጵያ ጋርስ ምን ያገናኛቸዋል? ግድግዳቸው የት ሄደ?

ከሦስቱ የኑቢያ መንግሥታት አንዱ

የኩሽ መንግሥት መዲና የነበረችው ሜሮዌ ከወደቀች በኋላ በዓባይ ሸለቆ ሦስት የኑቢያ መንግሥታት ተነሡ። በሰሜን መዲናዋን ፋራስ ያደረገችው ኖባዲያ፣ በመካከል ከአሮጌዋ ዶንጎላ የምትገዛው ማኩሪያ፣ በደቡብ ደግሞ ዙፋኗ በሶባ የነበረው አሎዲያ ነበሩ። ሦስቱም በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን ተቀበሉ።

የአሎዲያን መጠመቅ የመዘገበው በሶርያ ቋንቋ የጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ዮሐንስ ዘኤፌሶን ነው። እርሱ እንደሚተርከው የአሎዲያ ንጉሥ ሰባኪ እንዲላክለት ጠይቆ፣ በ580 ገደማ ጳጳሱ ሎንጊኖስ ወደዚያ ሄደ። ኖባዲያና ማኩሪያ ተቃቅረው ስለነበር ጳጳሱ የማኩሪያን ምድር ላለመርገጥ በምሥራቁ በረሃ ዞሮ በብርቱ ሐሩር ተጓዘ። ዮሐንስ ለኢትዮጵያውያን አንባብያን ልዩ ትርጉም ያለው ነገርም ጽፏል፦ ሎንጊኖስ አሎዲያ ሲደርስ ከእርሱ የተለየ ትምህርት የሚከተሉ የአክሱም ሰዎች ቀድመውት ደርሰው ነበር።

የስሙ ታሪክ ከዚያም ይቀድማል። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና በኖባ ላይ ያደረገውን ዘመቻ በሚተርከው የአክሱም የድንጋይ ጽሑፍ፣ ሠራዊቱ ከያዛቸው ከተሞች መካከል ዓልዋ የምትባል ትገኛለች። ጽሑፉ ከተሞቹን በሁለት ይከፍላቸዋል፤ ከግንብ የተሠሩና ከሣር የተሠሩ። ዓልዋ የተመደበችው ከግንቦቹ ጋር ነው።

የዘመኑ ሰዎች ስለ ሶባ ምን አሉ?

ስለ ሶባ የሚታወቀው የተሟላ ገለጻ በአሥረኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የፋጢማውያን መንግሥት ወደ ኑቢያ የተላከው ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ የተወው ነው። ሥራው የደረሰን ኋላ የተነሣው ግብፃዊው ታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚ ጠቅሶት ስላቆየው ነው። በእርሱ ገለጻ ሶባ ያማሩ ሕንጻዎች፣ በወርቅ የበለጸጉ አብያተ ክርስቲያናትና የአትክልት ስፍራዎች ነበሯት። ሙስሊሞችም በከተማዋ የራሳቸው ሰፈር ነበራቸው። የአልዋ ንጉሥ ከማኩሪያው ይልቅ ባለጠጋና ብርቱ እንደነበረ፣ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍቱ በግሪክ ቋንቋ ተጽፈው በአገሬው ቋንቋ እንደሚተረጎሙም ይገልጻል።

ኋላ የተጻፈውና በአቡ አል መካሪም ስም የሚታወቀው የግብፅና የአካባቢዋ አገሮች አብያተ ክርስቲያናት መዝገብ በበኩሉ በአልዋ ግዛት 400 ያህል አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉ፣ በመዲናዋም ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ሰፊ ቤተ ክርስቲያን እንደነበረ ያትታል። ቁጥሩ በቆጠራ ከተገኘ አኃዝ ይልቅ የዝና መገለጫ ሊሆን ይችላል። የሶባ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ተረት አለመሆናቸውን ግን ቁፋሮ አረጋግጧል።

የጡብ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይሠራ ነበር?

በሶባ ስፋት ያለው ዘመናዊ ቁፋሮ መጀመሪያ ያካሄዱት በ1950ዎቹ መባቻ ፒተር ሺኒ ናቸው። ከ1981 እስከ 1992 ድረስ ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ የብሪታንያ ተቋም በቻርልስ ዳንኤልስና በዴሬክ ዌልስቢ መሪነት ሰፊ ጥናት አድርጓል። በዚህ ጥናት ተመራማሪዎቹ “ጉብታ ቢ” ብለው በሰየሙት ስፍራ ጎን ለጎን የተሠሩ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ተገኙ። ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚል መለያም ተሰጣቸው።

የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን 28 ሜትር ገደማ ርዝመትና 24.5 ሜትር ስፋት ነበረው። ሁለተኛው በ27 ሜትር በ22.5 ሜትር ይለካል። ሦስተኛው ከሁለቱ ያንሳል። ሦስቱም የተገነቡት በእሳት ከተተኮሰ ቀይ ጡብ ነው። ከአጠገባቸው ካልተተኮሰ የጭቃ ጡብ የታነጸ ትልቅ ሕንጻ ተገኝቷል፤ ተመራማሪዎቹ ቤተ መንግሥት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ግምቱ ትክክል ከሆነ በሶባ ዙፋኑና መንበሩ ጎረቤት ነበሩ ማለት ነው።

የጡቡ ዓይነት ራሱ የሚናገረው አለው። የጭቃ ጡብ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከአፈር፣ ከውኃና ከጭድ በቀር ብዙ ወጪ የለውም። የተተኮሰ ጡብ ግን ምድጃና ብዙ ማገዶ ይፈልጋል፤ በክረምት ዝናብ ለሚያገኘው ለዚያ አካባቢ ግን ዘላቂው እርሱ ነው። በአሎዲያ መዲና ቀዩ ጡብ ለእግዚአብሔር ቤት መዋሉ የአገሪቱ ሀብት የት ይፈስ እንደነበር ያሳያል።

በኑቢያ የቤተ ክርስቲያን አሠራር ረዘም ላለ ዘመን የጸና መልክ ነበረው። ሕንጻው ከውጭ ሲታይ ባለ አራት ማዕዘን ሲሆን ርዝመቱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይዘረጋል። ውስጡን የዓምዶች ረድፍ በመካከለኛ አዳራሽና በጎንና በጎን ክፍሎች ይከፋፍለዋል። በሶባ ሁለቱ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ከመካከለኛው አዳራሽ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት የጎን ክፍሎች ነበሯቸው፤ በድምሩ አምስት ይሆናሉ። የፋራስ ካቴድራልም እንዲሁ በአምስት የተከፈለ ነበር።

በምሥራቁ ጫፍ ግማሽ ክብ የሆነ ጓዳ ይገኛል። ከውጭ ግን አይታይም፤ የሕንጻው ቀጥ ያለ ግድግዳ ይሸፍነዋል። በጓዳው ዙሪያ ካህናቱ የሚቀመጡበት ደረጃማ መቀመጫ፣ ከፊቱ ደግሞ ታቦቱ የሚያርፍበትን መንበር የሚመስል የመሥዋዕት ስፍራ አለ። ከጓዳው በሰሜንና በደቡብ ሁለት ትናንሽ ክፍሎች ይገኛሉ። አንዱ ዕቃ ቤት ሲሆን፣ በደቡብ ያለው ብዙ ጊዜ ለጥምቀት ያገለግል ነበር። የኑቢያ ሕንጻዎች ልዩ ምልክት ከጓዳው በስተጀርባ ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኘው ጠባብ መተላለፊያ ነው። ካህናት በመሥዋዕቱ ስፍራ ሳያቋርጡ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይሻገሩበታል።

ምእመናን በሰሜንና በደቡብ ግድግዳ ካሉት በሮች ይገባሉ። ወንጌል የሚነበብበት መድረክ በአዳራሹ ሰሜናዊ ወገን ይቆማል። በምዕራቡ ማዕዘን ወደ ላይ የሚያወጣ የደረጃ ክፍል ይሠራል። ግድግዳው በኖራ ተለስኖ በሥዕል ይሞላል።

አክሱም፣ ላሊበላ እና እንግሊዝ

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ አከፋፈል እንግዳ አይሆንም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በቅኔ ማኅሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ ይከፈላል፤ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር የሚፈቀድለት ሰው ያንሳል። ክብ ሕንጻ ይህን በቀለበት ያሳያል፤ ረጅም ሕንጻ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሚደረግ ጉዞ። የሶባ አብያተ ክርስቲያናት የሁለተኛው ወገን ናቸው።

በአምስት ረድፍ የተከፈለ ሕንጻም በኢትዮጵያ ታላላቅ አድባራት ይታወቃል። በ1520ዎቹ የጥንቱን የአክሱም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአምስት የተከፈለ መሆኑን ጽፏል። ከ33 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የላሊበላው ቤተ መድኃኔ ዓለምም በአራት የዓምድ ረድፎች በአምስት ተከፍሎ ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለ ነው። ስፋቱ ወደ 23.5 ሜትር ስለሚደርስ በሶባ ከተገኘው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ስፋት ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ በቁሳቁሱና በዕጣ ፈንታው ነው። ቋጥኙን ማንም ነቅሎ አይወስደውም፤ ጡብ ግን ሰው በአህያና በጀልባ ሊያግዘው ይችላል።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ ይሠሩ የነበሩ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትም ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ነበር። ምእመናን የሚቆሙበት አዳራሽ ከካህናቱ ስፍራ በእንጨት መከለያ ይለያል፤ በምዕራብ በኩል ብዙ ጊዜ የደወል ማማ ይቆማል። በምሥራቅ ጎን ያለውን ግማሽ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ጓዳ ከውጭም ማየት ይቻላል። የኑቢያ ሠሪ ይህን ከቀጥተኛ ግድግዳ ጀርባ ይሰውረዋል።

በእንግሊዝ ጡብ በሶባ ከደረሰበት ዕጣ ተቃራኒ የሆነ ዕጣ ገጥሞታል። ከለንደን በስተ ሰሜን ያለው የሴንት ኦልባንስ ገዳም በ11ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ሲታነጽ ጡቡ የተወሰደው ከፈረሰችው የሮማውያን ከተማ ከቬሩላሚየም ነው። በዚያ የፈረሰ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ በሶባ ደግሞ የፈረሱ አብያተ ክርስቲያናት ከተማ ሆኑ።

አንድ መንበር፣ አንድ ችግር

ኑቢያና ኢትዮጵያን ያስተሳሰረው ወንዙ ብቻ አይደለም። ሁለቱም ጳጳስ የሚሾምላቸው ከእስክንድርያ መንበር ነበር። በግብፅ የነበረው ሁኔታ ሲበላሽ ወይም ግንኙነቱ ሲቋረጥ ሁለቱም ይቸገሩ ነበር።

የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ እንደሚለው በአሥረኛው ክፍለ ዘመን አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ አገሩን ስላጠፋችበት ንግሥትና ጳጳስ በማጣቱ ስለደረሰበት መከራ ለኑቢያው ንጉሥ ጊዮርጊስ ደብዳቤ ጽፎ፣ በፓትርያርኩ ፊት እንዲያማልደው ለመነ። በኢትዮጵያ ትውፊት ይህች ንግሥት ዮዲት ጉዲት ናት ይባላል። የኑቢያው ንጉሥ ልመናውን ተቀብሎ በማማለዱ ኢትዮጵያ ጳጳስ አገኘች።

ከአምስት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ልመናው አቅጣጫውን ቀየረ። አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት ሳለ ከኑቢያ ስድስት መልእክተኞች መጥተው ካህናትና መነኮሳት እንዲላኩላቸው ሲማጸኑ ማየቱን ጽፏል። ንጉሡ ግን እርሱ ራሱ ጳጳስ የሚያገኘው ከእስክንድርያ መሆኑን ጠቅሶ፣ ሌላው የሚሰጠውን እንዴት ሊሰጥ እንደሚችል ጠይቆ መለሳቸው። ብዙ ተመራማሪዎች መልእክተኞቹ ከቀድሞው የአሎዲያ ግዛት የመጡ ክርስቲያኖች እንደሆኑ ያምናሉ። አልቫሬዝ በዚያ አገር የነበረ አንድ ሶርያዊ የነገረውንም አስፍሯል፤ 150 አብያተ ክርስቲያናት በየአምባው ቆመው፣ በግድግዳቸውም የስቅለትና የእመቤታችን ሥዕል እንዳለ።

ካህን የሌለው ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ የለውም፤ ቅዳሴ የማይደረግበትን ሕንጻ ደግሞ የሚጠግነው አይኖርም። የአሎዲያ አብያተ ክርስቲያናት ፍጻሜ በአንድ ቀን ጦርነት ብቻ ሊገለጽ የማይችለው ለዚህ ነው።

“ሶባን ያፈረሰች”

በሱዳን ትውፊት ሶባ የወደቀችው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ በዐብዱላህ ጀማዕ የተመሩ ዐረቦችና ሴናርን የቆረቆሩት ፉንጆች በመተባበራቸው ነው። የፉንጅ መንግሥት የተመሠረተበት 1504 ከዚህ ጋር ተያይዞ ይነሣል። በ1523 በዚያ ያለፈው አይሁዳዊ ተጓዥ ዴቪድ ሩቤኒ ሶባን ፈርሳ፣ ሰዎችም በእንጨት ጎጆ ሲኖሩባት አገኛት። ቁፋሮው የሚያሳየው ግን ከተማዋ ከዚያ ቀን በፊትም ስታሽቆለቁል መቆየቷን ነው።

ሕዝቡ የራሱ ማብራሪያ አለው። አጁባ የተባለች ሴት በመኳንንቱ መካከል ጠብ ዘርታ ከተማዪቱን አስፈጀቻት ይባላል። እስከ ዛሬ በሱዳን ነገር ሠርቶ ሰውን የሚያባላ “ሶባን ያፈረሰች አጁባ” ይባላል። የክርስቲያናዊቷ መዲና ስም በሙስሊሙ ሱዳናዊ አንደበት የጥፋት ምሳሌ ሆኖ መቅረቱ ውድቀቷ ምን ያህል በሕዝብ ልብ እንደተቀረጸ ያመለክታል።

ጡቡ የት ሄደ?

ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ ሶባ ሁለተኛ ጊዜ ፈረሰች። በ1820ዎቹ መጀመሪያ በመሐመድ ዐሊ የተላከው የቱርክና የግብፅ ሠራዊት ሱዳንን ይዞ፣ ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ የጦር ሰፈር መሠረተ። ሰፈሩ ካርቱም የተባለች የአስተዳደር ከተማ ሆነ። ለመሥሪያ ቤቶችና ለመኖሪያ ቤቶች ጡብ አስፈለገ፤ በደንብ የተተኮሰ ጡብ ደግሞ በሶባ ክምር ብሎ ይገኝ ነበር። ወንዙም ከሶባ ወደ ካርቱም ይፈስሳል። ጭነቱን ለማውረድ ከዚያ የቀለለ መንገድ አልነበረም።

በዚህ መንገድ የአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ እስከ መሠረቱ ድረስ ተነቅሎ ወደ አዲሲቱ ከተማ ተጋዘ። ጡቡን የወሰዱት ሰዎች እንደ ጠላት አላዩትም፤ ዋጋ ያለው ቁሳቁስ ነበር።

ባዶ ጉድጓድን ማንበብ

ታዲያ ግድግዳው ከሌለ የሕንጻው ልክ እንዴት ታወቀ? ጡብ ፈላጊው የመሠረቱን መስመር እየተከተለ ሲቆፍር ከኋላው ቦይ ይተዋል። ቦዩ ቀስ በቀስ በልል አፈር፣ በኖራ ፍርካሽና በጡብ ስብርባሪ ይሞላል። ባለሙያው አፈሩን በጥንቃቄ ሲያነሣ የቦዩን ሙሌት ካልተነካው መሬት በቀለሙና በጥንካሬው ይለየዋል። ቦዩ የት እንደዞረ ሲከተል ግድግዳው የት እንደነበረ ያገኛል። የሶባ አብያተ ክርስቲያናት ፕላን በከፊል የተሳለው በዚህ ዘዴ፣ ያለውን ሳይሆን የተወሰደውን በመለካት ነው።

ከ2019 ጀምሮ የፖላንድ የሜዲትራኒያን አርኪዮሎጂ ማዕከል ባለሙያዎች በሶባ አዲስ ጥናት አካሂደዋል። መሬቱን ሳይቆፍሩ የመግነጢስ ኃይሉን ልዩነት የሚመዘግብ መሣሪያም ተጠቅመዋል። በእሳት የተተኮሰ ሸክላ የራሱ መግነጢሳዊ ምልክት ስላለው ከመሬት በታች ያለ ጡብና ምድጃ በካርታ ላይ ይወጣል። ይህ ዘዴ ለሶባ ተስማሚ ነው፤ ምክንያቱም የጥንቷ ከተማ ወደ 2.75 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚደርስ ስፋት ያላት ስትሆን እስካሁን የተቆፈረው ጥቂቱ ብቻ ነው። በሌላ በኩል እየሰፋች የሄደችው ካርቱም የመኖሪያ ሰፈሮቿን እስከ ጉብታዎቹ አድርሳለች።

ጦርነቱና ቀሪው ቅርስ

በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል የተነሣው ጦርነት በካርቱም የቅርስ ጥበቃ ሥራን አናጋ። በዚያ ዓመት ፈጥኖ ደራሹ ኃይል በ1971 የተከፈተውን የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተቆጣጠረ። በመስከረም 2024 ዩኔስኮ ስለ ሙዚየሙ መዘረፍ የወጡ ዘገባዎች እንዳሳሰቡት ገልጾ፣ የቅርስ ገበያተኞች ከሱዳን የወጡ ዕቃዎችን ከመግዛትና ከመሸጥ እንዲቆጠቡ ጠየቀ። የሱዳን ጦር በመጋቢት 2025 ቤተ መንግሥቱንና የከተማዋን መሐል መልሶ ሲይዝ ሙዚየሙ ክፉኛ ተጎድቶ፣ ወርቅ ይቀመጥበት የነበረው ክፍል ተራቁቶ ተገኘ።

ይህ ለሶባ ምን ማለት ነው? በኑቢያ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሕንጻ የጠፋበት ቦታ ብዙ ስለሆነ ሙዚየሙ የሕንጻው ምትክ ነው። የአስዋን ግድብ ውኃ ፋራስን ከመዋጡ በፊት፣ ከ1961 እስከ 1964፣ በካዚሚዬሽ ሚሃውፍስኪ የተመራ የፖላንድ ቡድን ከካቴድራሉ ግድግዳ ከ120 በላይ ሥዕሎችን ማንሣት ችሏል። ከፊሉ ወደ ዋርሶ ሲወሰድ ቀሪው በካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ። የሶባ ሠዓሊዎች ግድግዳቸውን ምን አድርገው እንዳስጌጡት ለመገመት ዛሬ የሚያግዙት እነዚህ የሰሜን ሥዕሎች ናቸው፤ የራሷ የሶባ ልስን ከጡቡ ጋር ረግፏል።

በጉብታው ላይ የቀረው ደግሞ የመሠረት ቦይ፣ የሸክላ ስብርባሪና ያልተቆፈረ መሬት ነው። ተራ ሰው ሲያየው አፈር ነው፤ ግሬደር በአንድ ቀን ሊደለድለው ይችላል። ለባለሙያው ግን ሌላ ማስረጃ የማይገኝለት መዝገብ ነው። የሱዳን የቅርስና የሙዚየሞች ብሔራዊ ኮርፖሬሽን ባለሙያዎች በስደትና በጦርነት በተበተኑበት ጊዜ ስፍራውን ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ ቀደም ሲል የተሳለው ካርታ ነው። የት ምን እንዳለ ከታወቀ ቤት ሲሠራና መንገድ ሲቀየስ የትኛው መሬት መተው እንዳለበት ይታወቃል።

ካርቱም ዛሬ ከፍርስራሿ ልትነሣ ነው። የፈረሱ ቤቶች ሲታነጹ፣ የተፈናቀሉ ሰዎች ሲመለሱና አዳዲስ ሰፈሮች ሲቀየሱ ጡብ፣ አሸዋና ባዶ መሬት በብርቱ ይፈለጋሉ። ሶባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋ የጡብ ጎተራ የሆነችውም ልክ እንዲህ ባለ ጊዜ ነበር።